የቮልስ ሞተር ዘይት ከየት እንደሚፈስ ለይቶ ማወቂያ መመሪያ

«ቮልሴ ዘይት ታንጠባጥባለች፤ ምን ላስቀይር?» የሚል ጥያቄ በተደጋጋሚ ይደርሰኛል። የምሰጠው መልስም ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ዘይቱ ከየት እንደሚወጣ በዓይንዎ ሳያዩ ምንም ነገር አያስቀይሩ። መሬት ላይ ያገኙት ጠብታ የሚነግርዎ ዘይቱ መጨረሻ የደረሰበትን ቦታ እንጂ የወጣበትን ቦታ አይደለም። ዘይት በብረቱ ላይ እየተንሸራተተ ወደ ታች ይወርዳል፣ መኪናዋ ስትሄድ ከሥር የሚመጣው ነፋስ ወደ ኋላ ይገፋዋል፣ የሞተሩ ማራገቢያም ወደ ሌላ አቅጣጫ ይረጨዋል። በመጨረሻም ከመነሻው ርቆ፣ ዝቅ ብሎ በሚገኝ ብሎን ጫፍ ላይ ተሰብስቦ ይንጠባጠባል።

ይህ መመሪያ የተጻፈው ሞተሯ ከኋላ ለሆነውና በአየር ለምትቀዘቅዘው ቮልስዋገን፣ ማለትም በተለምዶ ቮልስ ለምንላት መኪና ነው። ባለ 1200፣ 1300፣ 1500 እና 1600 ሲሲ ሞተር ቢሆን የፍተሻው አካሄድ አይለወጥም። በጽሑፉ ውስጥ «ፊት» ስል የመኪናዋን ፊት፣ ማለትም ሞተሩ ከካምቢዮው (ከማርሽ ሳጥኑ) ጋር የሚገናኝበትንና ቮላኖው (በሞተሩ ጫፍ የሚሽከረከረው ከባድ ክብ ብረት) ያለበትን ጎን ማለቴ ነው፤ «ኋላ» ስል ደግሞ ፑሊውና ቺንጊያው ያሉበትን ጎን ነው። ግራና ቀኝ የሚለዩት በሾፌሩ ወንበር ላይ እንደተቀመጡ አድርገው በማሰብ ነው። በዚህ መሠረት 1ኛና 2ኛ ሲሊንደር በቀኝ፣ 3ኛና 4ኛ በግራ ይገኛሉ፤ ከየጎኑ ወደ ፊት ያሉት 1ኛውና 3ኛው ናቸው። ብዙ ስሕተት የሚፈጠረው ባለቤቱና መካኒኩ «ፊት» ሲሉ የተለያየ ነገር እያሰቡ ስለሆነ ይህን አስቀድመው ይያዙት።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- ላምባ ወይም ከመለዋወጫ መደብር የሚገዛ የሞተር ማጽጃ፣ የዱቄት ሳሙና፣ ጠንካራ ብሩሽና አሮጌ የጥርስ ብሩሽ
- ንጹሕ ጨርቆች፣ የፕላስቲክ ከረጢቶችና ማሰሪያ
- ቢያንስ የሞተሩን ስፋት የሚያክል ንጹሕ ካርቶን
- የሕፃን ፓውደር
- የእጅ ባትሪና ትንሽ መስታወት
- ክሪክ፣ 2 የብረት መደገፊያዎችና የጎማ ታኮዎች
- 10፣ 13 እና 14 ቁጥር ቁልፎች፣ ካቻቢቴ፣ የሚቻል ከሆነም አነስተኛ ኃይል የሚለካ ቶርክ ሬንች
- ጓንትና የዓይን መከላከያ መነጽር
- ወረቀትና እስክሪብቶ፣ እንዲሁም ፎቶ ማንሻ ስልክ

ከመጀመርዎ በፊት ልብ ሊሏቸው የሚገቡ ማስጠንቀቂያዎች

በክሪክ ብቻ በቆመች መኪና ሥር በፍጹም አይግቡ። ክሪክ ማንሻ እንጂ መደገፊያ አይደለም። መኪናዋን ደልዳላና ጠንካራ መሬት ላይ አቁመው የፊት ጎማዎቿን በታኮ ይያዙ፣ የኋላውን ያንሱና በሁለቱም ጎን የብረት መደገፊያ ያስገቡ፤ ከዚያም ከመግባትዎ በፊት መኪናዋን በእጅዎ ገፋ ገፋ አድርገው መረጋጋቷን ያረጋግጡ።

ሞተሩን በቤንዚን አይጠቡ። የቤንዚን ተን በትንሽ የኤሌክትሪክ ብልጭታ ይቀጣጠላል፤ የዚህ ሞተር ብሎክ የተሠራው ደግሞ ከማግኒዚየም ቅይጥ ስለሆነ አንዴ ከተቀጣጠለ በውኃ የሚጠፋ እሳት አይደለም። በላምባ ሲጠቡም ሞተሩ ፈጽሞ የቀዘቀዘ፣ የባትሪው ኔጋቲቭ ገመድም የተፈታ መሆን አለበት። የነዳጁ ጎማ ቱቦ የተሰነጣጠቀ ወይም የሚያልብ ሆኖ ካገኙት የዘይቱን ፍተሻ አቁመው መጀመሪያ እርሱን ይቀይሩ።

በሚሠራ ሞተር ላይ ሲያዩ የተንጠለጠለ ልብስ፣ ሻርፕና ረጅም ፀጉር ከቺንጊያው ይራቁ። ሞተሩን በተዘጋ ቤት ውስጥ አያስነሡ።

ዘይቱ በማርሚታው ወይም አየሩን ለማሞቅ በተሠሩት የጭስ ማውጫ ሳጥኖች ላይ የሚንጠባጠብ ከሆነ የመኪናዋን ማሞቂያ አይክፈቱ። ቮልስ ወደ ተሳፋሪው ክፍል የምትልከው ሙቀት የሚመጣው ከእነዚሁ ሳጥኖች ስለሆነ የተቃጠለው ዘይት ጭስ ከአየሩ ጋር ይገባል።

1ኛ፦ የዘይቱን መጠንና ጠባይ ይፈትሹ

መኪናዋን ደልዳላ ቦታ ያቁሙ፣ ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ጥቂት ደቂቃ ይጠብቁና የመለኪያውን ዘንግ አውጥተው ይጥረጉት፤ መልሰው አስገብተው ያንብቡ። ይህ ሞተር የሚይዘው 2.5 ሊትር ዘይት ብቻ ነው። 3 ሊትር ከተሞላ ትርፉ ዘይት በሚሽከረከሩት ክፍሎች እየተመታ በፑሊው በኩልና በመተንፈሻው ይወጣል። ስለዚህ ከላይኛው ምልክት ያለፈ ዘይት ካገኙ ትርፉን አውጥተው ከጥቂት ቀናት በኋላ እንደገና ይዩት፤ ችግሩ በዚሁ ሊያበቃ ይችላል።

ቀጥሎ ዘንጉን ያሽትቱ። የቤንዚን ሽታ ካለው፣ ወይም ምንም ሳይጨምሩበት መጠኑ ከፍ ካለ፣ በነዳጅ ፓምፑ ውስጥ ያለው ስስ ጎማ ተቀዶ ቤንዚን ወደ ሞተሩ እየገባ ሊሆን ይችላል። ቤንዚን የገባበት ዘይት ስለሚቀጥን ከዚያ በፊት ያላፈሰውን ጓርኒሲዮን (በክፍሎች መካከል የሚገባ ማሸጊያ) ሁሉ አልፎ ይወጣል፣ ኩሽኔታዎቹንም (ዘንጎቹ የሚሽከረከሩባቸውን መቀመጫዎች) ያለ በቂ ቅባት ያስቀራቸዋል። በዚህ ሁኔታ ሞተሩን አያስነሡት። ፓምፑ ተቀይሮና ዘይቱ በአዲስ ተተክቶ ሳለ ማፍሰሱ ከቀጠለ ብቻ ወደሚቀጥለው ደረጃ ይሂዱ።

2ኛ፦ የፈሰሰው የሞተር ዘይት መሆኑን ያረጋግጡ

ከጠብታው ላይ በጣትዎ ወስደው በነጭ ጨርቅ ላይ ይቀቡት። የሞተር ዘይት እንደ ዕድሜው ከወርቃማ እስከ ጥቁር ይሆናል። የካምቢዮ ዘይት ወፈር ያለና የድኝን ሽታ የሚመስል ጠንከር ያለ ሽታ ያለው በመሆኑ አንዴ ካወቁት አይረሱትም። የፍሬን ዘይት ደግሞ ቀጭን ነው፣ ቀለም ይልጣል፣ የሚገኘውም በጎማዎቹ አካባቢ ነው። ጠብታው ከኋላ ጎማዎች ወደ ውስጥ፣ በአክሱሉ ላይ ባለው የጎማ ሽፋን ሥር ከሆነ የካምቢዮ ዘይት ነውና ከሞተሩ ጋር ግንኙነት የለውም።

3ኛ፦ መቼ እንደምታፈስ ይለዩ

ይህ ደረጃ ቁልፍ አይነካም፣ ገንዘብም አያስወጣም፤ ነገር ግን ከሌሎቹ ሁሉ ይልቅ ፍለጋውን የሚያጠብበው እርሱ ነው። በሞተሩ ውስጥ ዘይት የሚንቀሳቀሰው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው በፓምፑ ግፊት ነው፤ ወደ ዘይት ማቀዝቀዣው፣ ወደ ግፊት ጠቋሚው ስዊችና ወደ ኩሽኔታዎቹ የሚሄደው ዘይት በዚህ መንገድ ይጓዛል። ሁለተኛው በራሱ ክብደት ነው፤ ከቴስታታው (ከሲሊንደሮቹ ራስ) በቱቦዎች በኩል ወደ ብሎኩ የሚመለሰውና ከታች የተጠራቀመው ዘይት ግፊት የለበትም።

ስለዚህ ሞተሩ ሲሠራ ብዙ አፍስሳ፣ ሲጠፋ ወዲያው የምታቆም መኪና በግፊት ከሚሠሩት ክፍሎች በአንዱ ላይ ችግር አለባት። ስትሄድ ብዙም ሳይታይባት ሌሊቱን ሙሉ ቀስ እያለች የምታንጠባጥብ ከሆነ ደግሞ የታችኛው የዘይት ወንፊት ክዳን፣ የማፍሰሻው ብሎን፣ የቫልቮላ ክዳኖቹ ወይም የፑሽሮድ ቱቦዎቹ (ቫልቮላዎቹን የሚገፉት ዘንጎች የሚያልፉባቸው) ይጠረጠራሉ። ዳገትና ቁልቁለት በበዛበት እንደ አዲስ አበባ ባለ ከተማ የማቆሚያውን አቀማመጥም አብረው ይመዝግቡ። አፍንጫዋን ወደ ቁልቁለት አድርጋ ያደረች ቮልስ ዘይቷ ወደ ቮላኖው ይሄዳል፤ ወደ ግራ ያዘነበለች ደግሞ ወደ ግራው ቴስታታ።

4ኛ፦ ካርቶኑን አንጥፈው ያሳድሩ

ሞተሩ ሙቅ ሳለ መኪናዋን ደልዳላ ቦታ አቁመው ካርቶኑን ከሥሯ ያንጥፉ። በካርቶኑ ላይ የኋላ ጎማዎቹን መስመርና «ፊት» የሚለውን ቃል ይጻፉበት፤ ይህ ካልተጻፈ ጠዋት ካርቶኑ ሲወጣ አቅጣጫው ይጠፋል። ጠዋት ጠብታዎቹን ቆጥረው ፎቶ ያንሱ። ይህ ካርቶን መነሻውን አይነግርዎትም፤ የሚያገለግለው ከጥገና በኋላ ከሌላ ካርቶን ጋር ለማወዳደር ነው።

5ኛ፦ ሞተሩን በደንብ ይጠቡ

ይህን ደረጃ ብዙዎች ይዘሉታል፤ በዚህም ምክንያት ሥራው ሁሉ ከንቱ ይሆናል። የዓመታት ቅባትና አቧራ በተጋገረበት ሞተር ላይ የትናንቱን ዘይት ከአሥር ዓመቱ መለየት አይቻልም።

ካርቡራተሩን፣ ዲስትሪቢዩተሩን፣ ኮይሉን፣ ዲናሞውንና የማራገቢያውን አየር መሳቢያ በፕላስቲክ ሸፍነው በማሰሪያ አጥብቀው ይሰሩ። ላምባውን በብሩሽ እየቀቡ ሩብ ሰዓት ያህል ይተዉት፤ ከዚያ የተጋገረውን በብሩሽ ያስለቅቁና በሳሙናና በውኃ ያጥቡት። ውኃው ቀስ ብሎ የሚወርድ ይሁን፤ ከፍተኛ ግፊት ያለው የመኪና እጥበት ውኃ በማኅተሞቹ ሥር ገብቶ ያልነበረ ችግር ይፈጥራል። ለአራት ቦታዎች የተለየ ትኩረት ይስጡ፤ እነርሱም በሲሊንደሮቹ ሥር ያሉት 8 የፑሽሮድ ቱቦዎች፣ ሞተሩና ካምቢዮው የሚገናኙበት የታችኛው ከንፈር፣ የወንፊቱ ክዳን ዙሪያና ከፑሊው ጀርባ ያለው ቦታ ናቸው። የፈሰሰው ላምባና ዘይት ወደ መሬት ወይም ወደ ቦይ እንዳይገባ ከሥር ሰፊ ዕቃ ያስቀምጡ።

ሞተሩ ፈጽሞ ይድረቅ። በክረምት ከታች የሚረጨው ጭቃና ውኃ አሻራውን ሁሉ ስለሚያጠፋ የሚቀጥሉትን ደረጃዎች ዝናብ በሌለበት ቀን ይሥሩ።

6ኛ፦ ፓውደሩን ይንፉ

ደረቅ በሆነው ብረት ላይ ፓውደሩን በስሱ ይንፉበት። ዘይት በነጭ ፓውደር ላይ ሲያልፍ ጠቆር ያለ መንገድ ስለሚተው መንገዱን ወደ ላይ ተከትለው መነሻውን ያገኛሉ። ፓውደር የሚነፋው ከወንፊቱ ክዳን ዙሪያ፣ ከቫልቮላ ክዳኖቹ ጠርዝ፣ ከካምቢዮው መገናኛ ከንፈርና ከዘይት ፓምፑ ክዳን በታች ነው። በፑሽሮድ ቱቦዎቹ ላይ አይድከሙ፤ ሲሊንደሮቹን አቀዝቅዞ ወደ ታች የሚወጣው አየር ጠራርጎ ይወስደዋል፤ እነርሱን በባትሪና በመስታወት ነው የሚያዩአቸው። ወደ ካርቡራተሩና ወደ ማራገቢያው አቅጣጫም ፓውደር እንዳይበን ይጠንቀቁ።

7ኛ፦ ሞተሩን በሦስት ዙር አሠርተው ይዩ

የሸፈኑባቸውን ፕላስቲኮች አንሥተው ባትሪውን መልሰው ያገናኙ።

በመጀመሪያው ዙር ሞተሩን አስነሥተው በዝግታ 5 ደቂቃ ያሠሩት። በዚህ ጊዜ የኋላውን ኮፈን ከፍተው ከላይ ብቻ ነው የሚያዩት፤ በሚሠራ ሞተር ሥር አይገባም። የግፊት ስዊቹን፣ የነዳጅ ፓምፑን መቀመጫ፣ የዲስትሪቢዩተሩን ሥርና የዲናሞውን መቆሚያ በባትሪ ይመልከቱ። ካጠፉት በኋላ ከሥር ገብተው ይዩ። አሁን እርጥበት ከታየ ከባድ የግፊት መፍሰስ ነውና ወደ ሁለተኛው ዙር መሄድ አያስፈልግዎትም።

በሁለተኛው ዙር መኪናዋን 10 ወይም 15 ኪሎ ሜትር ያህል ይንዱ። ዘይቱ ካልሞቀና ካልቀጠነ የማይከፈቱ ቀዳዳዎች አሉ። እንደተመለሱ ወዲያው ይዩ፤ ማርሚታው የጋለ ስለሆነ እጅዎን ይጠብቁ። በሦስተኛው ዙር አዲስ ካርቶን አንጥፈው ያሳድሩና ጠዋት ይመልከቱ።

በእያንዳንዱ ዙር የሚፈልጉት አንድ ነገር ነው፤ እርጥብ ከሆነው ቦታ ሁሉ ከፍተኛውንና ወደ ፊት የተጠጋውን ነጥብ። ከዚያ ነጥብ በላይና በፊት ያለው ሁሉ ደረቅ ከሆነ መነሻው እርሱ ነው። ባገኙት ቁጥር ፎቶ ያንሱ፤ በማግስቱ ዘይቱ ተስፋፍቶ ያንን ነጥብ ይደብቀዋል።

8ኛ፦ ያገኙትን ነጥብ ከክፍሉ ጋር ያገናኙ

*ሞተሩ መሐል ሥር።* ክቡ የወንፊት ክዳን በ6 ዳዶዎች ታስሯል። ከወንፊቱ በላይ አንድ፣ በታችም አንድ ጓርኒሲዮን አለ፤ በየዳዶው ሥር ደግሞ የመዳብ ሮንዴላ ይገባል። ሮንዴላው የሚገባው ዘይት በብሎኑ ጥርስ በኩል እንዳያልፍ ነው፤ በዘይት ለውጥ ጊዜ በሌላ ዓይነት ሮንዴላ ተተክቶ ከሆነ ጓርኒሲዮኑ አዲስ ቢሆንም ታንጠባጥባለች። የእነዚህ ዳዶዎች ማጥበቂያ 7 ኒውተን ሜትር ብቻ ነው፣ ማለትም አጭር ቁልፍ በሁለት ጣት ይዞ የማጥበቅ ያህል። ከዚያ በላይ ከጠበቀ ክዳኑ ይጎብጣል፣ ወይም ብሎኑ ከማግኒዚየሙ ጥርስ ይዞ ይወጣል። ክዳኑን አውጥተው በመስታወት ወይም በቀጥ ያለ ብረት ላይ ያስቀምጡት፤ ከተንገዳገደ ጎብጧልና ይቀየር።

*ግራና ቀኝ ጫፍ።* የቫልቮላ ክዳኖቹ የሚያፈሱት አብዛኛውን ጊዜ ቫልቮላ ከተስተካከለ በኋላ ነው፤ ምክንያቱም የቡሽ ጓርኒሲዮኑ አንዴ ተጫኖ ቅርጽ ስለያዘ ሁለተኛ ጊዜ በደንብ አይገጥምም። ክዳኑን የሚይዘውን የብረት ቅንጥብ በካቻቢቴ ወደ ታች ገፍተው ያውጡ፣ ሁለቱንም ገጽታ አጽድተው አዲስ ጓርኒሲዮን ያስገቡ። ማጣበቂያ የሚቀባው በክዳኑ በኩል ብቻ ነው፤ ቴስታታው የሚነካው ገጽታ ደረቅ ይሁን፤ አለዚያ በሚቀጥለው ማስተካከያ ጓርኒሲዮኑ ተቀዶ ይወጣል። ከዚህ ቦታ የሚወርደው ዘይት በጋለው የጭስ ማውጫ ሳጥን ላይ ስለሚያርፍ ከጠብታው በፊት ሽታው ይደርስዎታል።

*በሲሊንደሮቹ ሥር።* 8ቱ የፑሽሮድ ቱቦዎች በሁለቱም ጫፋቸው የጎማ ማኅተም አላቸው። ጎማው በሙቀት ሲደርቅና ሲጠነክር ዘይቱ ቱቦውን ተከትሎ ይወርዳል። በመስታወት ሲያዩ እርጥበቱ የጀመረው በቴስታታው በኩል ይሁን ወይስ በብሎኩ በኩል ለይተው ይጻፉ፤ ቱቦው ራሱ በዝገት ተበስቶ መሐሉ ላይ እርጥብ የሚሆንበት ጊዜም አለና በርዝመቱ ያለውን የመገጣጠሚያ መስመር ወደ ላይ አዙረው ያልገጠሙትን ቱቦ በተለይ ይመርምሩ። ዋናዎቹን ቱቦዎች ለመቀየር ቴስታታው መውረድ አለበት። በመሐላቸው ተሰብስበው የሚዘረጉ የጥገና ቱቦዎች ግን ቴስታታውን ሳያወርዱ ይገባሉ፤ አንድ ወይም ሁለት ቱቦ ብቻ ሲያፈስ ተገቢው ምርጫ እርሱ ነው።

*ከኋላ፣ ከፑሊው አካባቢ።* እዚህ ቦታ ላይ «የፑሊው ኦይል ሲል ይቀየርልኝ» የሚል ጥያቄ ይመጣል። ከፋብሪካ እንደወጣ ባለው ሞተር ላይ ግን በፑሊው በኩል የጎማ ማኅተም የለም። ዘይቱን የሚመልሱት አንድ የብረት ሳሕንና በፑሊው አንገት ላይ የተቀረጸ ጠመዝማዛ ቦይ ናቸው። ስለዚህ ስስ እርጥበት ከታየ ያለ ነገር ነው። ብዙ ዘይት ከወጣ ግን ወይ ዘይቱ ከልክ በላይ ተሞልቷል፣ ወይ በሞተሩ ውስጥ ከልክ ያለፈ ግፊት አለ፤ ሁለተኛውን በ9ኛው ደረጃ ይፈትሹታል። ከፑሊው ሥር የዘይት ፓምፑ ክዳን በ4 ዳዶዎች ታስሯል። መንገዱ ከፓምፑ ክዳን ጠርዝ ከጀመረ ዳዶዎቹን በ20 ኒውተን ሜትር ያጥብቁ፤ ካልቆመ ጓርኒሲዮኑን ይቀይሩ። የጓርኒሲዮኑ ውፍረት የፓምፑን ክፍተት ስለሚወስን በወፍራም ወረቀት ቆርጦ መተካት የዘይት ግፊቱን ይቀንሳል።

*ከላይ፣ ከዲስትሪቢዩተሩ በስተግራ።* የዘይት ግፊት ስዊቹ ትንሽ፣ ርካሽና አሳሳች ዕቃ ነው። በመሐሉ፣ ሽቦው በሚገባበት በኩል ሲያፈስ ዘይቱ በብሎኩ ግራ ወርዶ የፑሽሮድ ቱቦዎቹን ያረጥባል፣ ቱቦዎቹም በከንቱ ይቀየራሉ። የሽቦውን ጫፍ አውጥተው ውስጡን ይዩ፤ ዘይት ካለበት ስዊቹ ይቀየራል። ጥርሱ እየሰፋ የሚሄድ ስለሆነ በኃይል ማጥበቅ ብሎኩን ይሰነጥቃል።

*በግራ በኩል ብቻ፣ በብዛት።* ቀኙ ደረቅ ሆኖ ግራው በዘይት ከታጠበ የዘይት ማቀዝቀዣውን ይጠርጥሩ። በቀደሙት ሞተሮች ማቀዝቀዣው በማራገቢያው ቆርቆሮ ውስጥ፣ ከ3ኛው ሲሊንደር በላይ ስለሚቆም አየሩ ዘይቱን በ3ኛውና በ4ኛው ሲሊንደር ላይ ይረጨዋል። በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1971 ሞዴል ጀምሮ ግን ማቀዝቀዣው ወደ ፊት ወጥቶ በራሱ ሳጥን ውስጥ ስለገባ የሚያፈሰው ዘይት በብሎኩ ግራ ፊት ወርዶ ከካምቢዮው መገናኛ ይደርሳል። ማኅተሞቹ 2 ናቸው፤ የቀዳዳው ስፋት በሞተሩ ዘመን 8 ወይም 10 ሚሊ ሜትር ስለሚሆን የብሎኩንም የማቀዝቀዣውንም ቀዳዳ ለክተው ተስማሚውን ይግዙ። በዚያው አካባቢ፣ ከ3ኛው ሲሊንደር ጀርባ፣ የብሎኩ ስንጥቅ የተለመደ ነው፤ ማኅተሙ ተቀይሮ ማፍሰሷ ካላቆመ ቦታውን አጽድተው በመስታወት ይመርምሩ።

*ከፊት፣ ከካምቢዮው መገናኛ።* በዚህ ቦታ ቸኩሎ መፍረድ ብዙ ዋጋ ያስከፍላል፤ ምክንያቱም ጥገናው ሞተሩን ማውረድ ይጠይቃል። የማውቃት አንዲት ቮልስ የቮላኖዋ ኦይል ሲል በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ተቀይሮላት ማፍሰሷን አላቆመችም ነበር። ሞተሩ ታጥቦ በሁለተኛው ዙር ሲታይ የዘይቱ መንገድ የጀመረው ከላይ፣ ከማቀዝቀዣው ማኅተም ነበር። ሁለቱም ጥገናዎች የተሠሩት ሞተሩ ሳይታጠብ ነው።

ከላይ የሚወርድ ምንም መንገድ አለመኖሩን ካረጋገጡ በኋላ የሚቀሩት አራት ናቸው። የመጀመሪያው ከቮላኖው ጀርባ ያለው ኦይል ሲል ሲሆን፣ ሁለተኛው በቮላኖውና በክራንክ ሻፍቱ (ፒስተኖቹ በሚያሽከረክሩት ዋና ዘንግ) መካከል ያለው ቀለበት፣ ሦስተኛው ከክራንክ ሻፍቱ ዝቅ ብሎ የካምሻፍቱን (ቫልቮላዎቹን የሚያንቀሳቅሰውን ዘንግ) ቀዳዳ የሚደፍነው ክዳን፣ አራተኛው ደግሞ የካምቢዮው ማስገቢያ ዘንግ ማኅተም ነው። አራተኛውን በሽታው ይለዩታል። የቀሩትን ሦስት የሚለዩት ሞተሩ ከወረደ በኋላ ነው፤ በቮላኖው ጀርባ ዙሪያ የተረጨ ዘይት ኦይል ሲሉን፣ በመሐሉ በኩል ወደ ፍሪሲዮኑ የመጣ ዘይት ቀለበቱን፣ ቮላኖው ደረቅ ሆኖ ከሥሩ ያለው ብሎክ ብቻ መርጠቡ የካምሻፍቱን ክዳን ያመለክታል።

ሞተሩን ከማውረድዎ በፊት አንድ ነገር ይሥሩ። ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ረዳትዎ ፍሪሲዮኑን ደጋግሞ ይርገጥ፤ እርስዎ ፑሊውን ይመልከቱ። ትክክለኛው የክራንክ ሻፍት እርምጃ (ዘንጉ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚንቀሳቀስበት ክፍተት) ከ0.07 እስከ 0.13 ሚሊ ሜትር በመሆኑ በዓይን አይታይም ማለት ይቻላል። ፑሊው ወደ ኋላና ወደ ፊት ሲሄድ በግልጽ ካዩ፣ ወይም «ቀጭ» የሚል ድምፅ ከሰሙ፣ አዲስ ኦይል ሲል ብቻውን አይበቃም፤ የሚንቀሳቀሰው ዘንግ በአጭር ጊዜ ውስጥ ይበላዋል። ሞተሩ አንዴ ከወረደ እርምጃው ይስተካከል፣ አራቱም ማኅተሞች አብረው ይቀየሩ።

9ኛ፦ የሞተሩን ውስጣዊ ግፊት ይፈትሹ

ዘይት ከብዙ ቦታ በአንድ ጊዜ የሚያልብ ከሆነ ጥፋቱ የጓርኒሲዮኖቹ ላይሆን ይችላል። የፒስተን ቀለበቶች ሲያልቁ የሚቃጠለው ጋዝ ወደ ብሎኩ ውስጥ ይወርዳል፤ መውጫ ሲያጣም ዘይቱን በየማኅተሙ ይገፋዋል። ሞተሩ ሞቆ በዝግታ ሲሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ይክፈቱ። ስስ ተን የተለመደ ነው፤ በየምቱ እየተገፋ የሚወጣ ወፍራም ጭስ ግን የቀለበቶቹን ማለቅ ስለሚያመለክት የሲሊንደሮቹን ኮምፕሬሽን (የመጭመቅ ግፊት) ያስለኩ። ከዚያ በፊት ግን የመተንፈሻውን ቱቦ ያጽዱ፤ ከዘይት መሙያው የሚወጣው ቱቦ በጭቃ ወይም በተጋገረ ቅባት ከተደፈነ ጤነኛ ሞተርም ይህንኑ ምልክት ያሳያል።

በብዛት የሚፈጸሙ ስሕተቶች

- *በሲሊኮን መለሰን።* ከውስጥ የተረፈው ሲሊኮን ተቆርሶ ወደ ወንፊቱና ወደ ዘይት መተላለፊያዎቹ ይገባል። ይህ ሞተር ከፋብሪካ ሲወጣ ወንፊት እንጂ ፊልትሮ ስለሌለው ቁራጩን የሚይዝለት ሌላ ነገር የለም።
- *መተንፈሻውን መድፈን።* ከመተንፈሻው ጫፍ ዘይት ሲንጠባጠብ ቱቦውን የሚደፍኑ አሉ። ግፊቱ ሌላ መውጫ ይፈልጋልና የሚቀጥለው ቀን በቮላኖው በኩል ይወጣል።
- *ባፈሰ ቁጥር ማጥበቅ።* በዚህ ሞተር ላይ የሚጠብቀው ብሎን ብረት፣ የሚይዘው ክፍል ደግሞ ለስላሳ ማግኒዚየም ነው። አንድ ጊዜ በትክክለኛው ልክ ጠብቆ ያላቆመ ነገር በኃይል አይቆምም።
- *ብዙ ክፍል በአንድ ጊዜ መቀየር።* ሞተሩን ሳያወርዱ በሚሠሩት ሥራ ላይ አንድ ክፍል ቀይረው ይፈትሹ፤ ሦስቱን አንድ ላይ ከቀየሩ የትኛው እንደነበር አያውቁም፣ በሚቀጥለው ጊዜም ከዜሮ ይጀምራሉ።
- *ዘይት እየጨመሩ መንዳት።* ከ2.5 ሊትር ግማሽ ሊትር ሲጎድል አንድ አምስተኛው ጠፋ ማለት ነው፤ በአየር ለሚቀዘቅዝ ሞተር ደግሞ ዘይቱ ማለስለሻ ብቻ ሳይሆን ሙቀት ተሸካሚም ነው። የዘይት መብራቱ ዳገት ላይ ወይም መዞሪያ ላይ ብልጭ ካለ ወዲያው ሞተሩን ያጥፉ።

10ኛ፦ ከጥገና በኋላ ያረጋግጡ

የተጠገነውን ቦታ እንደገና አጽድተው ፓውደር ይንፉበት፣ 7ኛውን ደረጃ በሙሉ ይድገሙ፣ የማደሪያውን ካርቶን ከመጀመሪያው ጋር ያወዳድሩ። ጓርኒሲዮን ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ ስለሚቀመጥ ከ100 ኪሎ ሜትር ያህል በኋላ የወንፊቱን ክዳንና የዘይት ፓምፑን ዳዶዎች በተሰጠው ልክ እንደገና ይፈትሹ። እስከዚያ ድረስ ሞተሩን ከማስነሣትዎ በፊት በየጠዋቱ የመለኪያውን ዘንግ አውጥተው ያንብቡና ቁጥሩን ከቀኑ ጋር ይጻፉ።